ሌላ ሰው አለ

ወረቀቱ የተገኘው በአንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከግማሽ ብስኩትና ክዳን ከሌለው እስክሪብቶ ጋር ተጣብቆ።

መቆንጠጫ ኪሱን ሳትፈትሽ ማሽን ውስጥ የምትከተው ልብስ የለም። አክስቷ፣ የዩኒቨርሲቲው የልብስ ማጠቢያ አለቃ፣ ሥራ ያስተማረቻት በዚህ ነው፤ «ማሽን ማንም ይጫናል፤ ኪስ የሚፈትሽ ግን ሰው ነው» እያለች። መቆንጠጫ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። አንደኛ ቀኑን ሙሉ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳ ስለምትውል፣ ሁለተኛ ደግሞ አፏ ስለሚቆነጥጥ። ሃያ ዓመቷ ነው። ትምህርት ያቆመችው ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ንባብ ላይ ግን ማን ችሏት! የሳሙና ካርቶን እንኳን አንብባ ሳትጨርስ አትጥልም።

ወረቀቱን ዘረጋችው። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየች መቆንጠጫው ከአፏ ወደቀ።

ጽሑፉ የእሱ ነበር።

«የእሱ» ስል የዶክተር ገናን ማለቴ ነው። የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። ዳኛ የሆነችው እናቱ ላገኘችው ሰው ሁሉ «ዶክተሩ ልጄ» እያለች ስታስተዋውቀው እሱ ከኋላ «ገና ነው፣ እማዬ» ስለሚል ጓደኞቹ ስሙን አጸደቁለት። መቆንጠጫ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑን አላየችውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትረግመው፣ ስትናፍቀው፣ ደግሞ ስለናፈቀችው ራሷን ስትረግም ነው የከረመችው።

ሁለቱን ያገናኛቸው አንሶላ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። አንድ ቀን የተማሪዎች አማካሪዋ ወደ ማጠቢያው መጥታ፣ «ተማሪዎቹ እኔ ቢሮ ዝር አይሉም፤ አንቺ ጋ ግን ልብስ ሊሰጡ መጥተው አንድ ሰዓት ቆመው ያወራሉ። ምን ብታደርጊላቸው ነው?» አለቻት።

«ምንም። እኔ የማየው የእጥበት ቦርሳቸውን ነው። ሦስት ሳምንት አንሶላ ያላመጣ ሰው ደህና አይደለም። ወይ ከአልጋው አይነሳም፣ ወይ አልጋው ላይ አይተኛም። ሳገኘው እጠይቀዋለሁ። በቃ።»

አማካሪዋ ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። ከላይብረሪው ጀርባ ያለችውን የድሮ የኳስ ዕቃ ክፍል አስጠርጋ፣ ሁለት ወንበር አስገብታ፣ በሩ ላይ «እዚህ ይሰማል» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። መቆንጠጫን ማክሰኞና ሐሙስ፣ ዶክተር ገናን ሰኞና ረቡዕ ሰሚ አደረገቻቸው። ሰሌዳው ግን አልቀናውም። ተማሪዎቹ «ይሰማል»ን አላልተው ማንበብ ሲገባቸው አጥብቀው እያነበቡ፣ «እዚህ የተናገርከው ውጭ ድረስ ይሰማል ማለት ነው» እያሉ ሳምንት ሙሉ ሳቁበት። ቀስ በቀስ ግን መምጣት ጀመሩ።

ሁለቱ ተረኞች የሚነጋገሩት በርክክብ ደብተሩ ነበር። መጀመሪያ «ወንበሩ ይነቃነቃል»፣ «ሶፍት አልቋል»። ቀጥሎ «ወንበሩን ያስተካከለ እጁ ይባረክ»። ቀጥሎ ደግሞ... እናንተ ታውቁታላችሁ። ፍቅር ከወንበር እግር ይጀምራል ብትሉ ማን ያምናችኋል?

ከዚያ ዳኛዋ መጣች። አንድ ሰኞ ልጇን ልትጠይቅ ስትመጣ ሁለቱ ደብተሩ ላይ ተደፍተው ሲስቁ ደረሰችባቸው። አልጮኸችም። ልጇን «መኪናው ጋ ጠብቀኝ» ብላ ላከችና ሾፌሯ በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ መቆንጠጫን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ልጄ ገና ብዙ መንገድ አለበት» አለቻት። «አንቺም ብዙ ልብስ አለብሽ።»

ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር። በዚያው ሳምንት ዶክተር ገና ጠፋ። ከመስሚያዋ ክፍልም፣ ከደብተሩም፣ ከማጠቢያውም። መቆንጠጫም «የእናቱ ልጅ! ፍርዱን ተቀብሎ ሄደ» አለችና ሆዷን ቆልፋ ተቀመጠች።

አሁን ግን ወረቀቱ እጇ ላይ ነው።

«ደብተሩ ላይ ያልጻፍኩልሽ አማካሪዋም ስለምታየው ነው። እማዬ ያለችሽን ሾፌሩ ነገረኝ። እኔ አልላክኳትም፤ እመኚኝ።

ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛውን ትገምቺዋለሽ። ላንቺ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ለቀዶ ጥገና የማይሆን እጅ ሰጥተሽኛል። ሁለተኛውን ለማንም አልተነፈስኩም። ዋርድ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሆስፒታሉን ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። ሰው ስሰማ ከርሜ እኔን የሚሰማኝ ሰው ቸገረኝ።

አንቺ ጋ ለኔ የሚሆን ቦታ አለ? በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መልስሽን እንደሌላው ሰው በበሩ ሥር አሳልፊልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ ትዝ አላት፤ ትዝ ሲላትም የቆሸሸ ፎጣ ክምር ላይ ዘጭ አለች።

ዳኛዋ በመጣችበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የጃኬቱ ባለቤት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «ወደ ቤቴ ልመለስ፤ እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም» እያለ ይንሰቀሰቅ ነበር። በዚያ መሃል በበሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት ገባ። ተማሪዎቹ ሁሌም እንዲህ ናቸው፤ ማንኳኳት ስለሚያፍሩ «ልግባ?» ብለው ጽፈው ያሳልፋሉ። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው እየሰማሽ የሌላ ሰው ወረቀት አትከፍቺም። ለዚህ ሲባል መቆንጠጫ በዚያው ጠዋት በገዛ እጇ ጽፋ የቆራረጠቻቸው ካርቶኖች ከወንበሯ ሥር ተደርድረዋል። እሷም ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል አንዷን ካርቶን በእግሯ ጫፍ ወደ ውጭ ገፋቻት። ልጁ ሊወጣ ሲል አፍንጫውን የሚጠርግበት ፈለገ፤ ሶፍት ስላልነበረ ወለሉ ላይ ያገኘውን ወረቀት አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ካርቶኗ ላይ ያለው ሦስት ቃል ነው። ሌላ ሰው አለ።

አያችሁ? ሰውየው «ለኔ ቦታ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የእሷ እጅ ጽሑፍ «ሌላ ሰው አለ» ብሎ መለሰለት። ለፍቅሩም፣ ለጭንቁም፣ ለሁለቱም በአንድ ካርቶን።

«አንቺ!» አክስቷ ከመጭመቂያው ጋ ጮኸች። «ፎጣ ላይ የተጎለትሽው ልታጠቢ ነው ልትታጠቢ?»

«አክስቴ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቁጥር ቦርሳ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው?»

አክስቷ መዝገብ አላየችም፤ ሁሉንም በቃሏ ነው የምትይዘው። «ሦስት ሳምንት አለፈው። እኔማ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሦስት ሳምንት። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ስሙን ለማታውቀው ተማሪ ሁሉ ስትሮጥ የኖረች ልጅ፣ የእሱ ቦርሳ ሲቀር እያየች በኩራት ዓይኗን ጨፈነች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼኔ አይደል?

«ጋሪውን ልወስደው ነው።»

«ዛሬ የወንዶች ዶርም ተራ አይደለም።»

«አክስቴ፣ በሞቴ!»

አክስቷ ቀረብ ብላ ፊቷን አየቻት። ከዚያ የምትጠላውን ወሬ የምታወራ ሰው መስላ፣ «የበሩ ጥበቃ ጠዋት ሲያወራ ነበር። እናቱ መኪና ይዛ ገብታለች። ዕቃውን ጭና ልትወስደው ነው አሉ» አለች።

መቆንጠጫ ባዶውን ጋሪ ገፍታ ልትወጣ ስትል አክስቷ በትከሻዋ ያዘቻት።

«ቆይ፣ አንቺ ቀዥቃዣ! ባዶ ጋሪ የምትገፋ ሴት ሰበብ ፈላጊ ትመስላለች።» ስምንት ንጹሕ አንሶላ ጫነችላት። «በይ አሁን ሂጂ። እንደ ሠራተኛ ግቢ፣ እንደ ሰው ተናገሪ።»

*

የጋሪው አንድ ጎማ በሽተኛ ነው፤ ካልገፉት አይሄድም፣ ሲገፉት ይጮኻል። መቆንጠጫ በካምፓሱ መንገድ እያንጫጫችው ስትበር ተማሪዎቹ «ምነው፣ ውድድር ነው?» «ልብሴ አምልጦ ነው እንዴ የምታሳድጂው?» እያሉ አጀቧት። ሌላ ቀን ቢሆን ለእያንዳንዱ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው። ከሄደስ? አላወቅኩም ነበር ሳልለው፣ ያቺን ካርቶን እንደ መልስ ይዞ ከሄደስ? ሰው አንዴ ጠይቆ በር ከተዘጋበት መቼ ነው ደግሞ የሚጠይቀው?

ከዶርሙ ፊት ለፊት ጥቁር መኪና ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። ሾፌሩ መጽሐፍ የሞላ ካርቶን እየጫነ አያትና ያላየ መሰለ፤ ብቻ በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ።

«ሁለተኛ ፎቅ። ፍጠኚ።»

ጋሪ ደረጃ አይወጣም። አንሶላዎቹን እስከ አገጯ ታቅፋ ወጣች። ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ነበር የሚሮጠው፤ በየደረጃው ደግሞ ልመለስ ልመለስ ይላታል።

በሩ ክፍት ነው። ዳኛዋ ሸሚዝ ታጥፋለች፤ ስታጥፍ ደግሞ! እጅጌውን ወደ ውጭ አንጠልጥላ። እሱ አንሶላ የሌለው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጺሙ አድጓል። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያያቸዋል።

«ልብስ አንሰጥም» አለች ዳኛዋ ቀና ሳትል። ቀና ስትል አወቀቻት። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። አንሶላ ልቀይር ነው የመጣሁት።»

«ለሚሄድ ሰው አንሶላ አይቀየርም።»

«እንደሚሄድ እሱ ይንገረኛ።»

እሱ አንድ ጊዜ ብቻ አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ አለና ወዲያው ድርግም አለ፤ መቆንጠጫን ከዳኛዋ ቁጣ ይልቅ ያ ድርግም ያለው ነገር አንጀቷን በላው።

«ልጄ ታሟል» አለች ዳኛዋ። «በምን እንደታመመ አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም። ትምህርቱን አቋርጦ ቤቱ ይገባል፤ አባቱ ቢሮ ሥራ ይጀምራል። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«ካርቶኗ ላንተ አልነበረችም!» መቆንጠጫ በዳኛዋ ትከሻ ላይ አሻግራ ተናገረች።

«ምን?» አለ እሱ። ድምጹ ከከረመ ጉድጓድ የወጣ ይመስላል።

«ሌላ ሰው አለ የምትለዋ! ለተራ ናት። ውስጥ ተማሪ ነበረ፤ ማን እንደሆነ አልነግርህም፤ እያለቀሰ ነበር። ወረቀትህን አልከፈትኩትም። እሱም ሶፍት መስሎት ይዞት ሄደ። ዛሬ፣ አሁን፣ ከጃኬት ኪስ ነው ያወጣሁት። ይኸው፣ ብስኩቱ ራሱ ተጣብቆበታል!»

«ሌላ ሰው አለ ማለት...»

«ወንበሩ ተይዟል ማለት ነው! ወንበሩ! ልቤን ማን አነሳው!»

ወረቀቱን ተቀብሎ ብስኩቱን አየው። «ሦስት ሳምንት ያ ሌላ ሰው ማነው እያልኩ... የካፌውን ልጅ እንኳን ጠርጥሬያለሁ።»

«የትኛውን? ያንን በሹካ የሚያፏጨውን?»

«እሱን።»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

ሳቀ። የከረመ ሳቅ ነበር፣ ሲወጣ አቧራ ያለው። መሃል ላይ ግን ተሰበረና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳኛዋ ሸሚዙን ጥላ ወደ እሱ ሄደች።

«ይኸው! ይኼንን ነው ያልኩት። በቃ ልጄ፣ ተነስ፣ መኪናው...»

«እማዬ፣ ዋርድ ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበሩ...»

«የዋርዱን ቤት ስንደርስ እናወራዋለን። አሁን ጫማህን...»

«አልጋ ስድስት ላይ...»

«ደክሞሃል እኮ፣ የኔ ልጅ። አሁን ዝም በል።»

አፉ ሲዘጋ መቆንጠጫ አየችው። አይታ የማታውቀው አልነበረም፤ ያቺ ትንሽ ክፍል የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ አፋቸው እንዲህ ተዘግቶ ነው የሚገቡት። አንሶላዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለዳኛዋ ያጠራቀመችው መልስ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያ የመንገዱና የልብሱ ነገር፣ ለሦስት ሳምንት የሳለችው። ዋጠችው። ለራሷ ጉዳይ አልነበረም የመጣችው።

«እትዬ» አለች፣ ለራሷም እንግዳ በሆነባት ዝግ ያለ ድምጽ፣ «ችሎት ላይ ተከሳሽ ሲናገር ያቋርጣሉ?»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሌባውን እንኳን እስኪጨርስ ነው የሚሰሙት አይደል? ልጅዎ ሁለት ጊዜ ጀመረ፣ ሁለት ጊዜ ዘጉት። ይጨርስ።»

በጥፊ የምትመታት መስሏት ነበር። ዳኛዋ ግን ልጇን ዞር ብላ አየችው፤ ጺሙን፣ እጆቹን። ከዚያ ያጠፈቻቸው ሸሚዞች ላይ፣ ሸሚዝ መሆናቸውንም ሳታይ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ቀጥል» አለች፣ እንደ ችሎት። አንድ አፍታ ቆይታ ደግሞ፣ «ልጄ» አለች።

እሱም ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ስገባ ‹ዶክተር፣ ጋውንህ ትከሻው ላይ ሰፍቶሃል፤ ስወጣ አጠብብልሃለሁ› ይሉኛል። አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ ‹እወጣለሁ አይደል?› አሉኝ። ውጤታቸውን አላየሁም ነበር። ደስ እንዲላቸው ብዬ ‹አዎ፣ ዓርብ ይወጣሉ› አልኳቸው። ዓርብ ስመጣ አልጋው ተነጥፏል። ባዶ። ኮሪደሩ ላይ ሴት ልጃቸው ቆማ ነበር። ጋውኔን አየችና፣ ‹ትከሻው የሰፋው ዶክተር አንተ ነህ?› አለችኝ። ነግረዋት ነበር፣ እማዬ። ስለኔ ለልጃቸው አውርተዋል። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ‹ገና ነኝ።› አባቷ ሞቶባት ቆማ ‹ገና ነኝ› ብያት ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጋውን መልበስ አልቻልኩም።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ዳኛዋ።

«ለማን ልንገር? አንቺ የምታውቂው ዶክተሩን ልጅሽን ነው። እሱ ደግሞ ደረጃ መውጣት አቃተው።»

ከታች ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ዳኛዋ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ብዙ ቆየች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል መቆንጠጫ ላለማየት ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

«ሞተሩን አጥፋው!» አለች ዳኛዋ በመስኮቱ። ሾፌሩ ዕቃውን ላውርድ ወይ ብሎ ጠየቃት መሰለኝ። «አላውቅም። ብቻ አጥፋው።»

ያቺ ሴት «አላውቅም» ስትል የሰማ ሰው ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

«ቤት አልሄድም፣ እማዬ» አለ። «ዋርድም አሁን አልገባም። ዛሬ አማካሪዋ ጋ እሄዳለሁ። ትንሽ ጊዜ መሃል ላይ ልቁም። ትችያለሽ? መሃል ላይ ስቆም ማየት?»

«እሞክራለሁ» አለች፤ ቃሉ ያልለመደችው ጫማ ይመስል እያነከሰች።

ወደ በሩ ስትሄድ መቆንጠጫ ጋ ስትደርስ ቆመች። ይቅርታ የምትጠይቅ መስሏችሁ ነበር አይደል? አልጠየቀችም። የተጨማደዱትን ሸሚዞች አየቻቸውና፣ «አጣጠፌ ያን ያህል መጥፎ ነው?» አለች።

«በጣም፣ እትዬ።»

ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች። ልትስቅ ነበር ልበል? እንጃ። ደረጃውን ስትወርድ ግን የጫማዋ ድምጽ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ በየመሃሉ ይቆም ነበር።

*

አንሶላ ለብቻ አይዘረጋም። አንደኛውን ጫፍ እሷ፣ ሌላኛውን እሱ ያዙት። ነጩ ጨርቅ በመሃላቸው ተነፍቶ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም ጫፉን ማስገባት ረሱ።

«ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ነበር» አለ።

«አንዱን ሰማሁህ።»

«አንደኛውስ?»

አዎ ለማለት ምን ቀራት? ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት የቆለፈችው ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር ተነስቶ አዎውን በክርኑ ገፋው።

«ዛሬ አልመልስልህም።»

«በእማዬ ምክንያት ነው?»

«አይደለም። ዛሬ አዎ ብልህ መድኃኒት ነው የሚሆንብህ። እኔ ደግሞ ክኒን አይደለሁም፤ ሦስቴ በቀን ውጠህ የምትድንብኝ።» አንሶላውን አጥብቃ ያዘችው። «ደግሞም ስማ። እዚህ ግቢ ውስጥ ስንቱን ሰምቻለሁ። የፈተናውን፣ የናፍቆቱን፣ የአባቱን ቁጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን ‹አንቺስ?› ብሎኝ አያውቅም። አንተም ጭምር።»

ቃሉ የት እንዳረፈ ፊቱ ላይ አየችው፤ ልትመልሰው ፈልጋ ነበር፣ ግን ወጥቷል። እሱ አልተከላከለም። አንሶላውን ለቀቀ፤ ያለችውን አንዲት ወንበር ስቦ ወደ እሷ አዞረላትና ራሱ ወለሉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ተቀመጠ።

«አንቺስ?» አለ።

መቆንጠጫ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች።

ዳኛ ፊት ያልተሳሰረው ምላሷ ተሳሰረ። የሰባተኛ ክፍል ደብተሯን ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋችበት ቀን መጣ። ረቡዕ ረቡዕ የጋሪዋን ጎማ የምታስተካክል መስላ በመማሪያ ክፍሎቹ መስኮት ሥር ቆማ የምትሰማው፣ ግማሹ የማይገባት ትምህርት መጣ። ሌላው ግማሽ እየገባት መሄዱና ያንን ለማንም መናገር ማፈሯ መጣ። ብዙ ልብስ አለብሽ የሚለው ድምጽ መጣ። ሁሉም በአንድ በር እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም እያሉ ተጋፉ።

ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም።

እሱ ግን አልቸኮለም።